ግራ እግርህ ለእኔ ይቅር

ለአያሌው፣ ለቤቴ ጌታ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አይደለሁም ብትለኝ የምልክልህ መድኃኒት የለኝም። እኔ ደህና ነኝ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሦስተኛው ሰሊጥ እየታጨደ ነው። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልሽ እንዳትለኝ። እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ማንም ጣቴን ሳይዘኝ። የማታ ትምህርት ገብቼ ከሴቶቹ ሁሉ አንደኛ ወጣሁልህ። እርግጥ ግማሾቹ "በ" ላይ ሲደርሱ አቋርጠዋል፣ የቀሩትም ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

መምህራችን ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ፣ ከዚያ ለክፍሉ ጮክ ብላችሁ ታነቡታላችሁ አለን። ሌሎቹ ለልጅና ለእህት ጻፉ። እኔ አንተን የመረጥኩት ነገሬን ስለማታቋርጠኝ ነው፤ በሕይወትህ አንዴም ቢሆን አስጨርሰኸኝ አታውቅምና ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ሴቶቹ ስለሚሰሙ አንተ የምታውቀውንም እየደገምኩ እጽፋለሁ፣ አትሰልች። ደግሞ በሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ እልህ ነበር። ወረቀት ላይ የትኛው ነው ብዬ መምህሩን ብጠይቀው "እንደ ልብሽ" አለኝ። ልቤ አንተ ይላል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ረኩባችን፣ የግቢው ዳስ፣ አዲስ ሣር ለብሷል፣ ጥላው ከድሮው ይሰፋል። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። የዓንገሬባችን፣ የአልጋችን፣ ገመድ ተበጥሶ ጎረቤቶች አዲስ ጠፍር አድርገው ወጠሩልኝ፤ አንተ በምትተኛበት በኩል ረግቦ የነበረው ጎድጓዳ ጠፋ። ደግ የሠሩ መስሏቸው ነው፣ እኔም አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ጣውንቴም ደህና ናት። እዚያው ከራስጌያችን ተሰቅላለች። ሴቶቹ ጣውንት ስል እንዳይደነግጡ፤ የእንጨት ሰይፍህን ማለቴ ነው። ከእኔ በፊት አታረጅም መቼም፤ የጠጣችው ዘይት መቼ አነሳትና።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣብኝ። አንተ የሰሊጥ መጋዘን ገፊር ነበርክ፣ በእኛ ዘበኛ። ማሽን ሊተክል አንድ ኮሪያዊ መሐንዲስ መጣ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ ኸዋጃ ነውና እሱንም ኸዋጃ አልነው። ኸዋጃው በየማለዳው የእንጨት ሰይፍ ይዞ ግቢው መሐል ይቆማል፣ ለሰይፉ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ብቻውን ከማይታይ ሰው ጋር ይፋለማል። እኔ ቁርስህን ሳመጣ አያለሁ። አንተ "የቋራ ልጅ ዱላ ይዞ ቆሞ ይህ ሰውዬ አየር ይመታል" ብለህ ሳቅክ፤ ሳቅህ ሳያልቅ ዱላህን ነቅንቀህ ና ግጠመኝ አልከው። ምራቄን ሳልውጥ ዱላህ አጥሩ ስር ነበር። ጣቶችህ አብጠው፣ ፊትህ ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ቤት ገባህ። እንደዚያ ደስ ብሎት የተመታ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በማግስቱ ተማሪው ሆንክ።

ሁለት መኸር አስተማረህና አገሩ ገባ። አንተ የላሎብ እንጨት ቆርጠህ፣ ስትጠርብና ስትፍቅ ከርመህ ያችን ጣውንት ወለድክብኝ። ዓርብ ዓርብ የሰሊጥ ዘይት ትቀባታለህ። የእኔ ተረከዝ እንደ ገዳሪፍ መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ ሳለ እሷ ታብለጨልጫለች። ከመጀመርህ በፊት በሁለት እጅህ ከፍ አድርገህ አንገትህን ትደፋላታለህ፤ በሠርጋችን ቀን ለእናቴ አንገትህን ድፋ ቢሉህ ማጅራቴን አሞኛል ያልክ ሰው። ያን የፋሲካ ምሽት ሻማ ረኩባው ስር አስቀምጠህ፣ ሰይፏን በአየር ላይ እንዲህ አድርገህ፣ ሳትነካው እሳቱን አጠፋኸው። ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ሻማ እፍ እያልኩ ሳጠፋ አንድ ሰው እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

እንግዲህ ቅናት ካላችሁት ቅናት ነው። አንድ ቀን እኔንም አስተምረኝ አልኩህ። ቀልድ አስመስዬ ነው ያልኩት፣ ግን ቀልድ አልነበረም። "አንቺ ምላስሽ ይበቃሻል፣ ሰይፍ ምን ያደርግልሻል" ብለህ ሳቅክ። እኔም ከአንተ በላይ ሳቅኩ። ሁለተኛ አልጠየቅኩህም።

ከዚያ ፋሽጋ ለጭነት ሄደህ የተደረደረው የሰሊጥ ጆንያ ተናደብህና ግራ ጉልበትህ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እግርህ እሺ አላለህም። የመጨረሻው ስልት ላይ፣ ወደ ኋላ ዞረህ የምትቆርጥበት ቦታ ስትደርስ፣ ድሮ ብድግ አድርገህ በቀስታ የምታሳርፈውን ግራ እግር አሁን መሬት ለመሬት ትጎትተዋለህ፤ የታችኛውን ከንፈርህንም ትነክሳለህ። ጉልበቴን አመመኝ ማለት ግን በሰው ፊት ሞትህ ነበር።

ሰሚራ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የቅመም ነጋዴው ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ የምትጨርስ። በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ አጎቴ እንደማለት፣ "ዓሚ አያሌው፣ እኔንም አስተምረኝ" አለችህ። አልሳቅክም። አያሌው፣ እዚህ ጋ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ውኃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። አልሳቅክም። "ነገ በጠዋት ነይ" አልካት።

እኔ ረኩባው ስር ሰፌዴን ይዤ ሰሊጥ ሳነፍስ ዓመታት እናንተን አየሁ። አንዳንዱ ሰው ተምሮ ያውቃል፣ እኔ ቀንቼ አወቅኩ። የቱ እግር መቼ እንደሚቀድም፣ ግራ እጅ ከታች አጥብቆ ቀኝ እጅ ከላይ ላላ እንደሚል፣ ትንፋሽ የት ጋ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ዓይኔ ይዞታል። ኸዋጃው ሲሠራው አይቻለሁ፣ አንተ በደህና እግርህ ስትሠራው አይቻለሁ፣ ጉልበትህ ከተመታ በኋላም አይቻለሁ። በገዳሪፍ ሦስቱንም ያየ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ይህ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት።

ከዚያ ወባዋ መጥታ ወሰደችህ፤ ሰይፍ የማይቆርጣት እሷ ብቻ ነች።

አሁን የዚህን መኸር ነገር ስማ። ሰሚራ ባለፈው ወር ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣች፤ ኻልቲ ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት። "ኻልቲ ብርቄ፣ ካርቱም ልሄድ ነው። እዚያ ኮሪያዊ አስተማሪ አለ፣ ለጥቁር ቀበቶ ይፈትነኛል። የማሳየው የመጨረሻውን ስልት ነው" አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ውስጥ፣ ወደ ራስጌያችን ጣል አደረገች። "ሰይፉን ብታውሺኝ፣ ዋላሂ እመልሰዋለሁ።"

ባልና ሰይፍ አላውስም አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

"እንግዲያው እይኝ ብቻ" ብላ የመጥረጊያውን እንጨት አነሳችና ግቢው መሐል ቆመች። አንገቷን ደፋች፣ ጀመረች። ጎበዝ ናት፣ ልዋሽህ አልችልም። መዞሪያው ላይ ስትደርስ ግን ግራ እግሯን መሬት ለመሬት ጎተተችው። የታችኛውን ከንፈሯንም ነከሰች።

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። አፈር ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ እንደማይለቀም አንተም ታውቃለህ።

አንተ ነበርክ። እዚያ ግቢ መሐል፣ ቶብ በለበሰች ልጅ እግር ላይ፣ አንተ ራስህ ነበርክ። ልጅቷ አካለ ጎዶሎነትህን ስልት ነው ብላ ተምራዋለች፤ ሕመምህን የጀግና ፊት ነው ብላ ይዛዋለች። ደረቴ ውስጥ የተነሳውን ነገር ምን ብዬ ልጻፍልህ? ሐዘን ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፤ ቅናት ነበር። እኔ ለአንተ ማቅ የለበስኩ፣ ሙት ዓመትህን ያወጣሁ ሚስትህ የቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ለመታወቂያ የተነሳኸው፣ የሰው በግ የነዳህ የምትመስልበት። እሷ አካሄድህን ወስዳለች። ለኔ ወረቀት፣ ለሷ እግር።

ጨርሳ ላቧን እየጠረገች "እንዴት ነው፣ ኻልቲ?" አለችኝ። ካርቱም ያለው ሰው ያን ጉተታ ሲያይ እንደሚጥላት አውቃለሁ። ስህተት ነው ብላት ደግሞ ታርመዋለች፣ ያኔ አካሄድህ ከምድር ላይ ይጠፋል። "ኩወይስ፣ ጥሩ ነው" አልኳት። እንድትወድቅ ፈልጌ ይሁን አንተ እንዳትጠፋብኝ ብዬ፣ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አለየሁትም።

በማግስቱ ልትሰናበተኝ መጣች። ዓንገሬቡ ላይ ተቀምጣ ግራ ጉልበቷን ታሸዋለች። ምን ሆነሽ ብላት "ያ መዞሪያ ነዋ። ብዙ ስለማመድ ያመኛል። ግን ዓሚ አያሌውም እዚያ ጋ ሲደርስ ፊቱ ይጨማደድ ነበር፤ ከባዱ ቦታ እሱ ነው ብዬ ቻልኩት" አለችኝ።

ያን ጉልበት እኔ ነኝ የማውቀው፣ አያሌው። ማታ ማታ እግርህን ጭኔ ላይ ስትጥል፣ ከሰይፏ በተረፈው ዘይት ያሸሁህ እኔ ነኝ። "እዚህ ጋ፣ ዝቅ በይ፣ ቀስ" እያልክ እንደ ሕፃን ስታቃስት የሰማሁት እኔ ነኝ። አሁን ያው ሕመም በደህና ልጅ ጉልበት ውስጥ ሊገባ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ጥሩ ነው እላለሁ።

ተነሳሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ገብቼ ጣውንቴን ከግድግዳው አወረድኳት። እንደዚያ የምትከብድ አልመሰለችኝም ነበር። አንገቴንም ደፋሁላት፤ ለአንተ ስል ነው፣ ለሷ አይደለም። ከዚያ ዞርኩ፣ ግራ እግሬን ብድግ አድርጌ አሳረፍኩ፣ ቆረጥኩ። ሰማይ ተሰነጠቀ ብልህ ማጋነን ነው። ዶሮዎቹ ግን አጥር ዘለዋል፣ እኔም ለመውደቅ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሰሚራ አፏን ከፍታ "ኻልቲ፣ ማን አስተማረሽ?" አለች።

"ቅናት" አልኳት።

እግሩ እንዲህ ነው የሚነሳው ስላት ግን ተቆጣች። "ዓሚ አያሌው አይሳሳትም" አለችኝ። የገዛ ባሌን ከእኔ ልትከላከልልኝ። ቁጭ አድርጌ ስለ ጆንያው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዘይቱ ነገርኳት። ጉልበቷን ማሸት ተወች። ከዚያ ቀስ ብላ "ለእኔ አልነገረኝም" አለች። ይቅር በለኝና ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ስልቱን ሁሉ ለሷ ሰጥተህ አንድ ነገር ለእኔ ብቻ አስቀምጠህልኝ ነበር።

ጉዞዋን አንድ ቀን አዘግይታ ያን ምሽትና በማግስቱ እስኪረፍድ ደከምን። የለመደ እግር ቶሎ አይተውም፤ ይጎተታል፣ እመታዋለሁ፣ ትስቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች። በመጨረሻ እግሯ ተነሳ። በተነሳ ቁጥር አንተ አንድ አንድ እርምጃ ስትርቅ ይታየኝ ነበር። "ኸላስ፣ ይበቃል" ያልኩት እኔ ነኝ። አውቶቡሷ ሲሄድ ግቢው ውስጥ አንተን የሚመስል ምንም ነገር አልቀረም።

አልፋለች። ከካርቱም ደውላ እየጮኸች ነገረችኝ። ፈታኙ ማን አስተማረሽ ሲላት "ዓሚ አያሌው፣ ገዳሪፍ" አለችው። የእኔን ስም አላነሳችም። ስትመለስ እንነጋገራለን። የያዘችውም ሌላ ሰይፍ ነው፤ ያንተዋ ከራስጌዬ አልተነቀነቀችም።

ደብዳቤዬን ልቋጭ፤ መምህሩ ወረቀት በዛ ይለኛል። ለልጅቷ ትክክለኛውን ሰጥቻታለሁ፣ ዕድሜ ልኳን ታክብረው። ስህተቱን ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሳ ሰይፏን አወርድና ግቢው መሐል እቆማለሁ። መዞሪያው ላይ ስደርስ ግራ እግሬን መሬት ለመሬት እጎትታለሁ፣ የታችኛውን ከንፈሬንም እነክሳለሁ። ለማንም አላስተምረውም፣ ማንም እንዲያየውም አልፈቅድም። እኔ በእግሬ እስከቆምኩ ድረስ በገዳሪፍ መሬት ላይ አንተን የሚሄድ ሌላ ሰው አይኖርም፤ ቃሌ ነው።

ሰሞኑን ጉልበቴን ትንሽ ይሰማኛል። ይሰማኝ፤ ዘይቱ አለ።

ሚስትህ ብርቄ፣ በገዛ እጄ