የቀትር ተራ

አዳማ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሻሸመኔ ላለችው እናቴ፤

እማ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የደም ግፊቱስ እንዴት አደረገሽ? ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ እንደምትውዪ እህቴ ሎሚ ስትከስሽ ሰምቻለሁ። ቄሱ ለታመመ ሰው ፈቅደዋል ሲባል፣ ላንቺ የታመመው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርና፣ ደህና ያልሆነውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። የሎሚ ስልክ ድምፁ ካልተለቀቀ አይሰማም፣ ሲለቀቅ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህ ለጎረቤት የሚሆን ወሬ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽውን ፊደል እስካሁን ስላልረሳሽ ራስሽ አንብቢው። ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር ጓደኛዬ ነው፤ ከእጅሽ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

አምና በመስከረም ሎሚ ከወሰደችሽ በኋላ፣ በጥቅምት መሣሪያዬን ቦዩ ላይ ተከልን። ስምንቱ የማኅበሩ አባላት በሮችና ታች ያለው ዘጠነኛው በር ሞተር ገባላቸው። ሞተሩ በፀሐይ ይሠራል፤ አንድ በር በሞተርም ሆነ በእጅ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል። አባዬ ከዘይት ቆርቆሮ የሠራት የውሃ ሰዓት፣ ያቺ ታችዋ ተበስቶ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ቀስ ብላ የምትሞላው፣ ስትሰጥም ያንዱ ሰው ተራ አበቃ የሚባልባት፣ ጡረታ ወጣች። አራት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅበት የሚውለው ሥራ ያለ ሰው ይሠራ ጀመር። አልዋሽሽም፣ በጣም ኮራሁ።

ገመቹን ታስታውሺዋለሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ቤት መጥቶ ሹሮሽን ሦስቴ ያስጨመረው። አሁን ቦዩን ከማኅበሩ ተከራይቶ የሚያስተዳድረው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የኔም አለቃ። የሰዓቱን ዝርዝር ስሠራ አጠገቤ ቆሞ በጣቱ አንድ ቦታ ነካና ይህ ለምን ባዶ ሆነ አለኝ። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ያለው ነበር። የማንም አይደለም፣ ቀትር ነው አልኩት። ሳቀብኝ። እኔም የተማርኩ ልምሰል ብዬ አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ የቀትሩን ሰዓት ከሌሎቹ ጋር አስገባሁት። ውሃ የፈለገ በስልኩ ዋጋ ይልካል፣ የበለጠ የላከ ሰዓቱን ይወስዳል። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ያ ስህተት ነው።

ቀትር በእኛ ቦይ ምን እንደሆነ ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። እኔ በልጅነቴ የማውቀውን ብቻ ልጻፍ። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ ቦዩን ትቶ ይገባል። ስሙን አንጠራም፣ ባለቀትር እንለዋለን። አባዬ የውሃ አባት ሆኖ ተራ በሚያከፋፍልበት ዘመን፣ ዘጠነኛው በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ እርጥብ ፀጉሩን ሲያበጥር አየሁት ብሎ ለማኅበሩ ከተናገረ ወዲህ ያ ሰዓት የሱ ሆነ። ከአዳማ የመጣ ካድሬ በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ጋኔን የለም ብሎ ግማሽ ቀን ሰበሰባቸው ይባላል። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ግን ስብሰባውን ራሱ ዘግቶ ቤት ገባ።

ባለቀትርን ፈርቶ ማንም የማይነካው ውሃ ስምንቱን በር አልፎ ወደ ቦዩ ጭራ ይወርዳል። እዚያ እነዙሀራ አሉ። ከወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ወጥተው፣ ጓሮ በምታህል መሬት ላይ ሽንኩርት የሚተክሉት። ስማቸው በማኅበሩ መዝገብ ገብቶ አያውቅም፤ መዝገብ የሌለው ደግሞ ተራ የለውም። ዘጠነኛውን በር በቀትር ማን እንደሚከፍትላቸው ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር።

የቀትሩን ሰዓት የገዛው ከከተማ የመጣ ቲማቲም አልሚ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው በር ተከፈተለት፣ ውሃውም ገባ። ውሃውን የሚመራ ሠራተኛ ግን አልነበረም። ሁሉም ቤታቸው ነበሩ። ውሃው መደቡን ሰብሮ ችግኙን ጠራርጎ ወሰደው። ሰውዬው ተቆጥቶ ዘበኛ ቀጠረ። ዘበኛው ከሩቅ የመጣ፣ ባለቀትርን የማያውቅ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጫማውን በሩ አጠገብ ትቶ ሄደ። ጫማው ጎን ለጎን፣ ቤት እንደሚገባ ሰው ተደርድሮ ነበር የተገኘው። ሰውየውን ሳምንት ቆይተው ደራ ገበያ አይተውታል፤ ስለ ቦዩ ሲጠይቁት መንገዱን ቀይሮ ሄደ አሉ።

ገመቹ ግን አይበገርም፤ የቀትሩን ሰዓት መሸጡን አልተወም። አዳማ ምሳ ስንበላ የሚከራከረኝን ብትሰሚ። አባትህ እኮ ይህን ሁሉ በር ፈልስፎ ያገኘው አንድ ሜዳሊያና አንድ ሰማያዊ ቱታ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ወንዙ ራሱ እያዞረው ውሃ የሚያወጣውን መንኮራኩር ደግሞ የማኅበሩ ኮሚቴ እስኪያጸድቅለት አራት ዓመት ጠብቆ፣ ዝገት ቀድሞ እንዳጸደቀው እኔና አንቺ እናውቃለን። ሊቀመንበሩ ኡርጌሳ ሁሉም እኩል ነው እያለ የማለዳውን ተራ ለራሱ ሲወስድም እናውቃለን። የኔን መሣሪያ ግን ድርጅቱ በሦስት ወር ሥራ ላይ አዋለው። ገመቹ ትርፍ ባይኖር አንተም ዛሬ የአባትህን ቆርቆሮ ስትቆጥር ትውል ነበር አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ቦዩ ጭራ ላይ ነው። ዙሀራ ዘንድ የሄድኩት የዘጠነኛው በር ሞተር ላይ ብልሽት አለ ተብዬ ነው። ብልሽት አልነበረም፤ የሚያዘው አጥቶ ቆሟል እንጂ። ሽንኩርቱ ጫፉ ነጥቶ ተኝቷል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። እሷም ጾም ላይ ነበረች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ሳትቀመጥ አስቀመጠችኝ። በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ውሃው አይደለም። እናትህ ተሻላት ወይ አለችኝ። ደግሜ ደጋግሜ ደህና ናት ብላትም አላመነችኝም። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያን ውሃ ማን እንደሚልከው አልጠየቅኩም፣ ከጠየቅኩ የሚቆም ይመስለኝ ነበር አለች። ቀጥላም የባለቀትር ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ ሁልጊዜ ጫፉ ጭቃ ይነካዋል አለች።

እማ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያን ነጠላሽን ለብቻው ስታጥቢ አይቼ ምንም አላልኩም።

በመንገዴ ላይ አሰብኩበት። በአባዬ ዘመን ዙሀራ መዝገብ ላይ ስሟ የለም ተብላ ውሃ ተከለከለች። በኔ ዘመን ስሟን የሚጠይቅ የለም፣ ስልኳ ላይ ገንዘብ የለም ተብላ ተከለከለች። አንዱ ዘመን አዲስ ነገር ኮሚቴ ፊት አቁሞ አዛገ፣ ሌላው አዲሱን ነገር አጣድፎ አምጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ተከለው። በሁለቱም ያኖራት ማንም የኔ ነው ያላለው አንድ ሰዓት ነው። እሱንም ፈልጌ ያገኘሁትና የሸጥኩት እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ፣ ያንቺ ልጅ ሆኜ ይህን ማድረጌ አሳፈረኝ።

ለገመቹ እውነቱን ብነግረው ዙሀራ ሰዓት ትግዛ ይለኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መንገድ አይታየውም። ስለዚህ በሱ ቋንቋ ነገርኩት። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት በቀትር ሞተሩን ያቃጥለዋል፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሁሉም ሞተር ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት ብዬ የባለሙያ ሪፖርት ጻፍኩ። ሰንጠረዥ አስገባሁበት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ ስሜን ፈረምኩበት። ውሸት መሆኑ ከተደረሰበት ሥራዬም ሙያዬም እዚያው ያበቃል። ገመቹ ግን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። ያን ሰዓት ማንም እንዳይነካ ብሎ በቀይ አስለጠፈ። ካድሬው ከጋኔን እንደሸሸ እሱም ከሙቀት ሸሸ። አባዬ ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ሞተሩ ሲጠፋ በሩ በእጅ ይከፈታል፤ ለዚያ ብዬ የሠራኋት አንዲት የብረት እጀታ አለች፣ እሷም ከኔ ቦርሳ አትወጣም። የመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። በእንዲያ ያለ ሰዓት ቦዩ ዳር ቆሜ አላውቅም ነበር። ጥላዬ እግሬ ስር ገብታ ጠፍታለች። አንድ ወፍ የለም፣ ውሃው ራሱ ድምፅ የለውም። እጀታውን እያዞርኩ ሳለ ከበስተኋላዬ አንድ ሰው በቀስታ፣ በኦሮምኛ፣ አካም ኦልተ፣ እንዴት ዋልክ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሳይጠሩህ በቀትር አቤት እንዳትል ብለሽ ያሳደግሽኝ ልጅ፣ ሳላስበው ነጋ፣ ደህና ብዬ መለስኩ። ዞርኩ። እስከ ሽንኩርቱ ማሳ ድረስ ሰው አልነበረም። ፀጉሬ ቆመ፣ ግን በሩን አልለቀቅኩም። ውሃው ሲወርድ ታች አንድ ሴት እልል ስትል ሰማሁ፤ እሷን አውቃታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ቀና አለ። ድምፁንም ለመድኩት፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል እንኳ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓርብ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነበርኩ። አዲስ የመጡ ሞተሮችን ከጉምሩክ አስወጣለሁ ብዬ ረፋዱ ላይ እመለሳለሁ ስል፣ ዕቃ አስተላላፊው አቆየኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እነዙሀራን እያሰብኩ በንዴት መሬቱን በእግሬ እየመታሁ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ዘጠነኛው በር ተከፍቷል ይላል። ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ እጀታዋ ውስጥ ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ዘጠነኛው በር ተዘግቷል አለኝ። ስመለስ ዙሀራ ዛሬ ውሃው ረጋ ብሎ ነው የመጣው፣ እንደ ድሮው አለችኝ። ላመሰግነው ስትል አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ ሎሚ ጋ ደወልኩ፣ እንደዋዛ አድርጌ እማ ትናንት የት ዋለች አልኳት። የት ትሄዳለች፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ብትጠራሽ አልሰማሽም አሉ። ደንግጣ ልትቀሰቅስሽ ስትነካሽ እግርሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ቀዝቅዞ፣ ታጥቦ እንደወጣ ሆኖ አገኘችው። ፎጣ አምጥታ አሸችልሽ፣ ካልሲ አደረገችልሽ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ነቃሽና ውሃ ስጪኝ አልሽ። ሐኪም ጋ ልውሰዳት ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እማ፣ ምንም አልጠይቅሽም። ዙሀራም አልጠየቀችሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ከእንግዲህ በቀትር አትተኚ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጤነኛ ሰው እንኳ በመኪና መጥቶ ይደክመዋል። ሎሚ በዚያ ሰዓት አጠገብሽ ተቀምጣ እንድታጫውትሽ ነግሬያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። የሞጆውንም ሥራ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ተራው አሁን የኔ ነው፣ አንድም ቀን አላጓድልም።

ማርያም ከነልጇ ትጠብቅሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝመው፣ ያንቺ ጸሎት አይለየኝ። ሎሚን ሳሚልኝ። ለፋሲካ መምጣት አልችልም። ለምን ቀረ ስትልሽ አንድ ምክንያት ፈልጊላት፤ አንቺ ምክንያት ጠፍቶሽ አያውቅም።

ልጅሽ