የሞጣው ድምፅ ማጉያ የበላው ቅኔ

ለምወድህም ለተቀየምኩህም ወንድሜ ለይታገስ አካለ ወልድ፤

ከቢቸና እስከ ሞያሌ ያለውን አገር ሁሉ አቋርጦ ሰላምታዬ ሳይጎድል ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ለቀቅ አድርጎሃል? ባለቤትህ ብሩክታይት፣ ትንሿ ልጃችሁስ ደኅና ናቸው? የጤና ጣቢያው ሥራ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላውን ስታክም ራስህን እንዳትረሳ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ ገብቷል፤ የእናታችንም ወገብ ተሽሏታል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አውቄ ነው። ደስ የማይልህን ነገር ስጀምርልህ "ኔትወርኩ እየቆረጠ ነው" ትለኛለህ። ደብዳቤ አይቆረጥም። የጎረቤታችን ልጅ ሙሉዬ በጭነት መኪናው ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጁ ሰድጄልሃለሁና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በጥር ወር የነበረውን የሞጣ ንግሥ ታስታውሳለህ። አባባን ቅኔ እንዲቀኙ ጠርተዋቸው ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። በዚያን ዕለት የድምፁን ሥራ የያዘው ስጦታው የሚባል ሰው ነው። እኔ ቢቸና ላይ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያና ካሜራ እንደማከራየው እሱም ሞጣ ላይ ያከራያል። አዲስ ዲጂታል መሣሪያ አምጥቶ ነበር። በዚህኛው ድምፁ ተከትፎ በቀጭን የኔትወርክ ገመድ ይላካል፤ ግቢው ውስጥ ካሉት ስፒከሮች ሲደርስ መልሶ ይገጣጠማል። በወጉ ከተሠራ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ድንቅ ነው፤ ሰው ጆሮህ ሥር ሆኖ የሚናገር ይመስልሃል። ግን ለድምፁ የብቻው መስመር ይፈልጋል፤ ለክፉ ቀንም ሁለተኛ መስመር። ስጦታው ሁለቱንም ትቶ፣ ንግሡን በኢንተርኔት የሚያስተላልፉትን ካሜራዎች ሁሉ በዚያችው አንዲት ገመድ ላይ ጫነባት። መስመሩ ሲጨናነቅ ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ የድምፅ ቁራጭ ተጥሎ ይቀራል።

አባባ መወድስ የሚባለውን ረጅሙን ቅኔ ሲጀምሩ እኔ በሴቶች በር በኩል ነበርኩ። አጠገባቸው የቆሙት ካህናት "ይበል! ይበል!" ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ግቢው ብወጣ ግን ሕዝቡ ጭጭ ብሏል። ከስፒከሩ የሚወጣው ቅኔ እዚህ አንድ ፊደል፣ እዚያ አንድ ቃል ጎድሎታል። አንዲት ፊደል የጎደለችው ቅኔ ምን እንደሚሆን ለመሪጌታ ልጅ አላስተምርም። ከየአድባራቱ የመጡት የቅኔ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላዬ አንዱ "መሪጌታ ቤት ጎደለባቸው" አለ፤ ሌላው ሳቀ።

የድሮው ስፒከር ቢሆን ኖሮ ሲበላሽ ይጮኻል፣ ይንጫጫል፣ ሰውም ማሽኑን ይራገማል። ይሄኛው ሲሰርቅ ኮሽታ የለውም። ጥርት ባለው ድምፅ መሀል ጥርት ያለ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የፈረደው በአባባ ላይ ነው። ሮጬ ስጦታው ዘንድ ሄድኩና መስመሩን እንዲያይልኝ ለመንኩት። በሰው ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "መሣሪያው አዲስ ነው፤ አይቆርጥም። ያረጁት ሰውየው ናቸው" አለኝ። ያቺን ቃል ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

ከአባባ ጋር ወደ ቢቸና ተመለስን። ውስጥ የነበሩት ካህናት ቅኔው ሙሉ እንደነበር ደውለው ነገሯቸው፤ እሳቸው ግን "አዝነውልኝ ነው" አሉ። እኔም የመስመሩ ጥፋት ነው ብላቸው "ልጄ ስለሆንሽ ነው" አሉኝ። በራሳቸው ላይ ጥርጣሬ ገባባቸው፣ ይታገስ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ነገር የከዳቸው መሰላቸው።

ከዚያ ደግሞ አንተ አለህ። ግቢው ውስጥ የተቀረጸውን ቪዲዮ በቴሌግራም አየህና ደወልክ። "አባባ፣ ዕድሜ ነው፤ አይፈረድብዎትም። የቅኔ ጉባኤውን ለሌላ ይተዉና ይረፉ" አልካቸው። ደግ የተናገርክ መስሎህ ነው። ስልኩን ዘግተው "ልጄም ሰምቶታል" አሉ፤ በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱ። ስጦታው ያቆሰላቸውን አንተ ጨረስከው።

በግንቦት ስጦታው ያንኑ መሣሪያ ለአድባራት ሊሸጥ ቢቸና መጣ። ከሰበካ ጉባኤው አቶ ገብረ ሕይወት ስፒከር በመትከል እንዳግዘው ጠሩኝ። ደስታዬን ምን ልበልህ! እሱ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ሊናገር፣ ሕዝቡ ውጪ ከዛፉ ሥር ሆኖ ሊሰማ ነው። አንድ ገመድ አልበጠስኩም፤ አንድ ቁልፍ አልነካሁም። ያሉኝን ካሜራዎች ሁሉ ሰብስቤ አመጣሁና "በዚሁ መስመር ላይ ልሰካቸው?" ብዬ በሰው ፊት ጠየቅኩት። "ሰኪ፤ ይሄ የማይሸከመው የለም" አለኝ። ሰካሁ።

አባባን "ጸሎት እንዲያደርጉ ይፈልጉዎታል" ብዬ ዋሽቼ አምጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከዛፉ ሥር አስቀምጫቸው ነበር። ስጦታው አፉን ሞልቶ ስለ መሣሪያው ጥራት መናገር ጀመረ። ከስፒከሩ የሚወጣው ግን "ይህ መሣ... ፈጽሞ አይ... አስተማማ..." ነው። አባባ "ይህን ሰው ምን ነካው? ምላሱን ይይዘዋል እንዴ?" አሉ። እጃቸውን ይዤ አዳራሹ ደፍ ላይ አቆምኳቸው። በአንድ ጆሯቸው ከውስጥ ሳይቋረጥ የሚወርደውን፣ በሌላው ከውጪ የሚቆራረጠውን ሰሙ። ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ወደ ውጪ ያያሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "እኔንም የበላኝ ይሄ ነው?" አሉኝ። "አዎ አባባ" አልኩና እንባዬ መጣ።

ውጪ ሳቁ ደመቀ። ስጦታው ምን እንዳሳቃቸው ግራ ገብቶት ላቡን እየጠረገ ብቅ አለ። አቶ ገብረ ሕይወት "ምንድን ነው ይሄ?" ብለው ሲጠይቁት እኔ ቀደምኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "መሣሪያው አዲስ ነው፤ አይቆርጥም። ያረጁት ሰውየው ናቸው" አልኩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ካሜራዎቹን ነቀልኩና "አሁን ተናገር" አልኩት፤ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሞጣ ንግሥ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አባባን አዩዋቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን አልደብቅህም።

ስጦታው ኋላ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አባባ ይቅር አሉት። እኔ አላልኩም። የሞጣውን መስመር ለይቼ እንድሠራለት ሲለምነኝ፣ በመጪው ንግሥ በዚያው ስፒከር፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ቅኔውን የበላው መሣሪያው መሆኑን በገዛ አፉ ካልተናገረ ገመዱን በእጄ እንደማልነካ ነገርኩት። እያቅማማ ነው። ያቅማማ፤ እኔ አልቸኩልም። አባባ ግን ጉባኤያቸውን ከፍተዋል፤ ተማሪዎቻቸውም እየተመለሱ ነው።

እናታችን ባንቺዓለም ሁለቱንም ጉንጭህን ስማ፣ ልጅህን ደግሞ ግንባሯን ሳምልኝ ብላሃለች። ታናሽ እህታችን መክሊት ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ናፍቆቷን ጻፊልኝ ብላ ከጎኔ ተቀምጣለች። አክስታችን ይርጋነሽ ለብሩክታይት ብላ የፈተለችውን ጥጥ ሙሉዬ ይዞላችኋል።

የአባባን ሰላምታ ያልጻፍኩልህ ስላልላኩልህ ነው። "ለይታገስ ምን ልበልልዎት?" ብላቸው "ይደውል፤ የሞጣውን ቅኔ ይስማው" አሉ። ስለዚህ ደውል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፍህን ይዘህ ስማቸው፤ ሲጨርሱም "ይበል" በላቸው። መሀል ላይ ቢቆረጥብህ መስመሩ ነው፤ እሳቸው አይደሉም።

እህትህ ስርጉት አካለ ወልድ
ቢቸና፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.