የፈለጉትን ሁሉ አገኙ?

ሳኖክ፣ መጋቢት ወር

ስምንት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጠሽ፣ ጀርባሽን እያየሁ ለሠራሁት ለውድ ባልደረባዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እናትሽስ በረቱ? ባለቤትሽ ሥራ አገኘ ወይስ አሁንም እየፈለገ ነው? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴን ሚሬክን ሳሉ ለቆታል። እኔም የእግሬ እብጠት ጎድሎ፣ አምስት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ የከረሙት ቡናማ ጫማዎቼ ገቡልኝ። ደጋግሜ ብደውል ስላላነሳሽልኝ በወረቀት መጣሁብሽ።

ዋናው ወሬዬ ይህ ነው፤ ከሱፐርማርኬቱ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ወጥቻለሁ። የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከንፈርሽን እንዳትመጪልኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ነገሩ ብሶ ነበር። ቆሞ የሚሠራ ሰው ንቁ ይመስላል ተብሎ ወንበራችንን ወሰዱት። ሽንት ቤት ለመሄድ ደወል ተጭነን ፈቃድ ስለምንጠብቅ ውሃ መጠጣት ተውኩ። የሙታን ቀን ሻማ ከመደርደሪያው ሳይነሳ የገና መዝሙር ይከፈትብናል። ባለፈው ጥር አንድ ሰውዬ የገና ዛፉን እየጎተተ መጥቶ “ደርቋል፣ መልሱልኝ” አለኝ። እኔም ደርቄያለሁ፣ ማን ይመልስልኝ ልለው ነበር፤ አፌን ያዝኩ።

የከፋው ግን ጥያቄው ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፈገግ ብሎ “የፈለጉትን ሁሉ አገኙ?” ማለት፣ ከዚያ የሳምንቱን ቸኮላት ማቅረብ። አንድ ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት የመቃብር ሻማ ይዛ መጣች። ምላሴ ለምዶ “የፈለጉትን ሁሉ አገኙ?” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና “አላገኘሁም” አለችኝ። ያን ዕለት የሆነውን ለሚሬክ መንገር እንኳን አፈርኩ።

ታኅሣሥ ውስጥ ቪዮሌታ የምትባለው አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ቢሮዋ ጠራችኝ። ድርጅቱ ደንበኛ መስለው ገብተው፣ አይተውን የሚጽፉ ሰዎች እንደሚቀጥር ሰምተሽ ይሆናል። የአንዷን ወረቀት አነበበችልኝ። “ወይዘሮ ግራዢና፣ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ነው ያገኙት” አለችኝ። ጥያቄውን አልጠየቀችም ይላል። ቸኮላት አላቀረበችም ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ የገዢዋን እናት ጤንነት እየጠየቀች ሰልፉን አዘገየች ይላል።

ቪዮሌታ ሳቋ መጣ። “የማያውቁትን ሰው እናት ምን ብለው ይጠይቃሉ?” አለችኝ።

በዚያ ሳምንት የማንን እናት እንደጠየቅኩ ለማስታወስ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

“ወይስ ያውቋታል?” አለችኝ አሁን ኮስተር ብላ። “የሚያውቁት ሰው ከሆነች ወረቀቱ ይሰረዝልዎታል። እሷም ከዚያ ሥራ ትወጣለች፤ የሚያውቁትን ሰው መመዘን ክልክል ነው።”

“አላውቃትም” አልኳት።

እንግዲያው ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው ብላ የምፈርምበት ወረቀት ገፋችልኝ። ከዚህ በኋላ ወር ሙሉ ጥያቄውን መጠየቄን ቆመው ይቆጣጠሩኛል። እስክሪብቶውን አነሳሁና ያቺ ጥቁር ለባሽ ሴት ትዝ አለችኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። የሥራ ሰደርያዬን አውልቄ፣ አጣጥፌ ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩላት።

ለምን እዋሽሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ወረቀቱን በጻፈችው ሴትዮ አዝኜ ነበር። ተናድጄም ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ ሥራ የፈታ ባል ቤቷ ቁጭ ብሎ ይሆናል። ሴትዮዋን ራሷንም የሚመዝን ሌላ ሰው ሰልፉ ውስጥ ቆሞ ይሆናል። ደግሞ የጻፈችው አንድም ውሸት የለውም። የናፈቅኩትን ሰው ድንገት ሳይ ቸኮላት አይታየኝም፤ አሁንም ያው ነኝ።

ከጥር ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ድንች እልጣለሁ፣ ቀይ ሥር እፍቃለሁ፤ ተቀምጬ። በመጀመሪያው ቀን ዋና አብሳይዋን ወይዘሮ ቦጉሚዋን ሽንት ቤት ልሂድ ወይ ብዬ አስፈቀድኳት። “እዚህ የሚያስፈቅዱት አራት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው” አለችኝና ሻይ ቀዳችልኝ። ደመወዙ ትንሽ ያንሳል። እንቅልፌ ግን ተመልሷል። ሚሬክ በእንቅልፌ ቸኮላት ማቅረብ ተውሽ ይለኛል።

አሁን የጻፍኩበትን ምክንያት ልንገርሽ። ከፋሲካ በኋላ ወጥ ቤቱ አንድ ሰው ይጨምራል። ወገብ የሚጎዳ ነገር የለበትም፤ ከባዱን ድስት ጥበቃው ያነሳልናል። ለቦጉሚዋ ሥራ የምታውቅ ሰው አለችኝ ብያታለሁ፣ ስምሽንም ሰጥቻታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት በኋላው በር ግቢ። ምንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ለእሷም ለእኔም።

ያቺን ሴትዮ የሆነ ቦታ ካገኘሻት ደግሞ ግራዢና ቂም የላትም በያት። እንዲያውም አውጥታኛለች።

የቼስቶሆቫዋ እመቤታችን ማርያም ቤትሽን ትጠብቅልሽ፣ ወገብሽን ታጽናልሽ፣ ስልክሽንም የምታነሺበት ልብ ትስጥሽ።

ከኋላሽ የነበረችው ባልደረባሽ