ወገብሽን የከሰስኩበት ቀን

ይድረስ ለማርቆስ እናት፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ አስቴር ናት። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። ከምታስተምርበት ከሾኔ ለእረፍት መጥታለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ከተለየሽን ሁለት መስቀል አለፈ። በሁለቱም ከጎረቤት ጋር በሬ አርደናል፤ ሥጋው ግን አልወርድ አለኝ። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። የማርቆስ ሚስት ታበስልልኛለች፤ ደህና ልጅ ናት፣ ጨው ታበዛለች እንጂ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወገቤን ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ሆሳዕና ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ ሐኪሙ «አባባ፣ አጥንትዎ ደህና ነው» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም። አንቺንም እንዲሁ ብለውሽ ነበር። ያን ቀን ውሸቷ ተገለጠ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ገበያ ስንሄድ በየመንገዱ ስትቆሚ ወሬ ወዳድ እልሽ ነበር። ከቀበርንሽ በኋላ አስቴር ነገረችኝ። ለራስሽ «እስከ ባሕር ዛፉ ብቻ» ትዪ ነበር አሉ። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ «እስከ ድልድዩ ብቻ»። ሰው አስቁመሽ የምትስቂውም ሕመሙን ለመርሳት ነበር። እኔም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እንደዚያው ነው። ይረዳል። አንቺ ግን የሚስቅልሽ ሰው ነበረሽ፤ እኔን ኩራቴ ብቻዬን ያስኬደኛል።

የከሰስኩሽን ቀን እንዴት ልርሳው? እንሰት መፋቅ አልችልም አልሽ። ጎረቤት «የሱን ቆጮ የሰው ሚስት ትፍቅለታለች» ብሎ አላገጠብኝ። አንገበገበኝ። ሦስት ሽማግሌ ጠርቼ፣ ሚስቴ ሰነፍ ናት አልኩ። ስለ ወገብሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ተነሥተሽ ጥፋቱ የኔ ነው አልሽ። በማግስቱ ጓሮ ወርደሽ ፋቅሽ። እኔም ተግሣጽ አዳናት ብዬ አወራሁ።

እንሰት ሲፋቅ ወንድ እዚያ አይደርስም፤ ነውር ነው። ዕድሜ ልኬን ቆጮ በልቼ ሥራውን አንድ ቀን አላየሁም። ባለፈው ሳምንት ሴቶቹ ገበያ ሲወጡ ጓሮ ገባሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ እንሰቱ የሚፋቅበትን ሳንቃ በእግሬ ደገፍኩ፣ ጎንበስ ብዬ ፋቅኩ። አንዱን ቁራጭ ሳልጨርስ ወገቤ ተቆለፈ። መነሣት አቃተኝ። የማርቆስ ሚስት ከገበያ እስክትመለስ እዚያው ቀረሁ። አሁን መንደሩ «ሽማግሌው ሴት ሆነ» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ያለቀስኩት ወገቤን ስላመመኝ አይደለም። አንቺ እዚያ ስትታጠፊ ውለሽ፣ ተነሥተሽ እራት ስታቀርቢ፣ ለምን ዘገየሽ ያልኩሽን አስቤ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ። እሑድ ከጸሎት በኋላ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። አንደኛው የሞተ ሰው ነገር አይነሣም ብሎ መለሰልኝ። ይነሣል አልኩት። ሰው ፊት የጣልኩትን ስምሽን ጓዳ ተደብቄ አላነሣውም። ይህ ደብዳቤ ፊታቸው ይነበባል። አንቺ አለመስማትሽ ነው የሚያቃጥለኝ።

ቃሌ ይኸው፦ እግሬ እስካለ ድረስ፣ መንገድ ላይ ስቆም ምን ሆንክ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሚስቴም እዚህ ትቆም ነበር፣ ያማት ነበር፣ እኔ አላመንኳትም ብዬ እነግረዋለሁ።

በይ አስቴር፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሰነፍ ናት ያልኩት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። ለአባትሽ አዝነሽ ያለሰለስሽው ቃል ካለም ሰርዢና እንደተናገርኩት ጻፊው።