ስድስቱ ፊርማዎች

ጁን 1፣ ሰኞ
ዝናብ። ስንዴው ደስ ብሎታል። ከሰዓት ዳሪል መጣ፣ የቬርና ልጅ። ጠመንጃ ሊገዛ ነው። የተኩስ ክበባችን አባል ነው የሚል ደብዳቤ ፈለገ፤ የክበቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ደንቡ ስድስት ቀን ልምምድ ላይ መገኘት አለበት ይላል። የመጣው ሁለቴ ነው። አራቱን መዝገቡ ላይ ሞላሁለትና ፈረምኩ... ለሁሉም እንዲሁ አይደል የምናደርገው?

አሁን ደግሞ የመግዣ ፈቃዱን ሃያ ስምንት ቀን ይጠብቃል። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አገራችን፣ ታዝማኒያ ደሴት ላይ አንዱ ያን ሁሉ ሰው በጠመንጃ ከፈጀ ወዲህ ሁላችንንም እንደ ነፍሰ ገዳይ ያዩናል። የመንግሥት ሰዎች የእኔንም አውቶማቲክ ጠመንጃ ወስደው ጨፈለቁት። አልረሳላቸውም።

ጁን 13
ዳሪል አሰልጣኙን በቡጢ መታ። ከእግር ኳስ ቡድኑ አባረሩት። ሜዳው በሙሉ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ።

ጁን 19
ማደያው ጋ አገኘሁት። ኳሱን እርሳው አልኩት። ፈገግ አለ።
«ሃያ ስምንቱ ቀን ይለቅና ማን እንደሚስቅ እናያለን።»
ቀልድ ነው... ነው?

ጁን 22
እንቅልፍ የለም። ለባለቤቴ ለኖሬል ነገርኳት። ፖሊስ ጋ ሂድ አለችኝ፣ ሌላ ቃል የለም። መሄድስ ቀላል ነበር። ግን በሐሰት መፈረሜን ማመን አለብኝ። ፈቃዴም ጸሐፊነቴም ገደል ገባ ማለት ነው። እዚህ አገር ደግሞ ከሌባ ይልቅ የሚጠላው አሳባቂ ነው። ልጁ ምንም ባያስብስ? ቢያስብስ? ፈራሁ።

ጁን 26፣ ዓርብ
ሄድኩ። መዝገቡን ሳጅኑ ፊት ዘረጋሁት።
«አራቱ ውሸት ናቸው። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።»
የዳሪልን ፈቃድ አስቆመ። የእኔንም። ቤቴ መጥቶ ጠመንጃዎቼን ጭኖ ሄደ።

ጁን 30
መኪናዬ ላይ «ይሁዳ» ብለው ጽፈዋል። የክበቡ ሰዎች ሰላምታ ነሱኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን የበላን!

ጁላይ 4፣ ቅዳሜ
ከጎረቤት ከተማ ጋር ጨዋታ ነበር። ቤት መደበቅ አልፈለግሁም፣ ሄድኩ። ሜዳው በሕፃንና በሽማግሌ ሞልቷል። እኔ አጠገብ ግን ማንም የለም። ከእረፍት በፊት የዳሪል እናት ቬርና መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ዳሪልን ትናንት የአእምሮ ሆስፒታል አስገብታዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሰው ላይ ሊተኩስ ያቀደበትን ጽሑፍ አግኝታ ነው። ዓይኗን ከሜዳው አልነቀለችም።
«ዛሬን ነበር የመረጠው» አለችኝ።
ጎል ገባ። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ መነሳት አቃተኝ።