በእማዬ ስም የተጠራችው ፍጥረት

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? መድኃኒቱንስ በሰዓቱ ይወስዳሉ? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ የነገርኩዎት ነገር መዘዝ አመጣ። ያቺ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ የመዥገር ዘመድ፣ እርስዎ አፈር ውስጥ አግኝተው አዲስ ዝርያ ናት ብለው የእማዬን ስም ያወጡላት፣ የበሰበሰ ቅጠል እየመገብኩ ሳሳድጋት ቆዳዋን እየገፈፈች ሌላ ሆነች። ጥቁር፣ ጀርባዋ ጠንካራ፣ በየጫካው የሞላችው፣ ስም ከወጣላት የቆየችው። ለካ የእርስዎዋ የዚችው ገና ያላደገች ልጅ ኖራለች። በሙያችን ደንብ ደግሞ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም ነው፤ የእማዬ ይሰረዛል። ሪፖርቱን ስጽፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። እማዬ እኔንም ትናፍቀኛለች።

ያን ዕለት ሰሙኝና ይህን የሚያስረዱትን ናሙናዎች የት እንደማኖር ጠየቁኝ። ቢሮ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አልኩዎት።

ማክሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ብከፍት ናሙናዎቹ ከነሣጥናቸው የሉም። ቁልፉ ያለው እኔና ቴክኒሻናችን ጋ ብቻ ነው ብዬ ሰው ፊት ሌባ አልኩት። በልጆቹ ማለልኝ፤ አላመንኩትም። አሁን ከሥራ ታግዷል፤ የፊታችን ሐሙስ ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል።

ትናንት ግን የበሩ ጥበቃ ሰላምታ ሲያቀርብልኝ፣ አባትሽ ሰኞ ዕለት አልተገናኙሽም እንዴ አለኝ። ስብሰባ ላይ ናት ብላቸው፣ አትጥሯት፣ የረሳሁትን መነጽር ልውሰድ ብለው ገቡ አለኝ። አባዬ፣ ጡረታ ከወጡ እኮ ስድስት ዓመትዎ ነው። የምን መነጽር ነው? መሳቢያው ድሮ የእርስዎ እንደነበር አውቃለሁ። ቁልፉ ከዚያ ወዲህ ተቀይሮ እንደሆነ ንብረት ክፍል ጠየቅሁ። አልተቀየረም።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ ቴክኒሻኑን ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሰውየው እህል አልቀምስ ብሏል፣ አሁን ደግሞ ምን ልትዪው መጣሽ አለችኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። አንዲትም ጥያቄ አልጠይቅዎትም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ነገር ካለ አንስቼ እሄዳለሁ፤ ለኮሚቴውም ሌላ ቦታ አስቀምጬው ረስቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እንቅልፍዎን የሰላም ያድርግልዎ።

ዛሬም የምታከብርዎ ልጅዎ