ዘገምተኛ ያልናት ልጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል የነርስነት ልምምድ ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንት። ባጃጅ ጠፍቶ ከፋሲሎ ሰፈር በእግሬ መጣሁ። መምህር ግሩም ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ሕፃን ሰጡን። ለእኔ አልጋ ዘጠኝ ደረሰችኝ። ካርዷ ላይ ወለተ ሥላሴ ኪዳነ ወልድ ይላል። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአንበሳሜ ወዲያ ከገጠር የመጣች። የሳንባ ምች ነበረባት፣ አሁን ትኩሳቱ ለቋታል። የእኔ ሥራ የእድገት መመዘኛ ቅጹን መሙላት።

እናቷን፣ የብርጓልን፣ "ውጭ ቆይ" አልኋት። ልጅቱን እንዳታዘናጋብኝ። "ወለተ ሥላሴ" ብዬ ጠራሁ። ዝም። ሦስት ጊዜ ጠራሁ። እናቷ የወጣችበትን በር ታያለች እንጂ ወደ እኔ ዞር አትልም። የላስቲክ ኩብ ስሰጣት አፏ ውስጥ ከተተችው። የስልክ ሥዕል ባሳያት ዝም። ጻፍሁ፦ ስሟ ሲጠራ አትዞርም። አትናገርም።

መምህር ግሩም ቅጹን አይተው "ጥሩ ኬዝ አገኘሽ" አሉኝ። ጥሩ? ይሄ ጥሩ ይባላል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ መምህር ግሩምን እሳቸው ብዬ መጻፍ ተናነቀኝ። እዚህ ደብተር ላይ እሱ ነው።

በጠዋቱ የሕሙማን ጉብኝት ሰባት ተማሪ ፊት ቅጼን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ አነበበው። የብርጓል ምንም አልገባትም። "ምን አላት?" አለችው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ እየጻፈ፣ "ልጅሽ ዘገምተኛ ናት። አእምሮዋ ከዕድሜዋ ወደ ኋላ ቀርቷል።" ወደ አልጋ ዐሥር አለፈ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች።

ከሰዓት ደግሞ ያው ሰው ክፍል ገብቶ ስለ መንከባከብ ያስተምረናል። ነርስ ማለት ከታካሚው ጋር አብሮ የሚገኝ ነው... ታካሚን እንደ ሙሉ ሰው ማየት ነው... ፈተና ላይ ይመጣል። አልጋ ዘጠኝ ጋ ስንት ሰከንድ አብሮ ተገኘ?

ግን ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የብርጓል ልጇን አታናግራትም። እስከ ትናንት ጠዋት ገንፎ ስታጎርሳት "የኔ እናት፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ" እያለች ነበር። ዛሬ ማንኪያውን ዝም ብላ ነው የምትሰጣት። ልጅቱ የእናቷን አፍ በጣቷ ትነካካለች።

"ምነው ዝም አልሻት?" አልኋት።

"ካልገባት ምን ላውራት፣ እህቴ?"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አባቷ መጡ፣ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ። ገና ከበሩ ላይ "ትሁን!" አሉ። ልጅቱ ዘወር አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ "አባ! አባ ና!"

ወደ መሪጌታ ዞርሁ። "ትሁን ማን ናት?"

"ልጄ ናታ።"

"ካርዱ ወለተ ሥላሴ ነው የሚለው።"

"እሱማ የክርስትና ስሟ ነው፣ ልጄ። የታመመ ሰው ስም ሲጠየቅ የክርስትናው አይደል የሚሰጥ? ጸሎት የሚደርስ በሱ። ለካርድ ክፍሉ እኔው ነኝ የነገርሁ።"

በዚያ ስም የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው፣ ያውም ስትቆርብ። እኔስ? እኔስ ወለተ ጊዮርጊስ አይደለሁም? መንገድ ላይ ወለተ ጊዮርጊስ ቢሉኝ እዞራለሁ? ይህን የማላውቅ ፈረንጅ ነኝ? እናቷን ባላስወጣት ኖሮ በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር። ራሴን በጥፊ ባልሁት!

ቅጹን እንደገና ሞላሁ፣ እናቷ ጭን ላይ አስቀምጬ። የላሙን ሥዕል ሳሳያት "ላም" አለች። የሥዕሏን ዶሮ ደግሞ በእጇ አባረረቻት። መሪጌታ ለነገው የሚካኤል ማኅሌት ከሰዓት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

መምህር ግሩም ካርዱ ላይ የጻፈውን አርሞ ፈረመ። ከወንበሩ ሳይነሣ። ወረቀቱን ለየብርጓል ወሰድሁላት። ገልብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

"ማንበብ አልችል። ያ ሰውየ በቃሉ ነው የነገረኝ፤ በቃሉ ይመልሰው። አንችማ ልጅ ነሽ፣ እንዳላዝን ብለሽ ይሆናል።"

"ስሟን ስትሰማ ዞረች እኮ። ላምም አለች።"

"ጥጃም ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። እኔስ የገባት ይመስለኝ ነበር። የተማረ ሰው አልገባትም ካለኝ..."

ተመልሼ ነገርሁት። "ወረቀቱ ይበቃል፣ ሊድያ" አለኝ። "ደግሞ ስህተቱ ያንቺ ነው።" እውነቱን ነው። ግን ዘገምተኛ ያለው የማን አፍ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ትሁን ዛሬ ወጣች።

ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህር ግሩም "አብሮ መገኘትን በምሳሌ ማን ያስረዳል?" ሲል ተነሣሁ። የክፍሌ ልጅ ባምላክ ከጎኔ ጋዎኔን ይጎትታል። "መምህር፣ አልጋ ዘጠኝ የመውጫ ወረቀቷን ጨርሳለች። እናቷ ግን እርስዎ ሳይነግሯት አልሄድም ብላለች። አሁን በር ላይ ናት።" በፈተና ይጥለኛል ብዬ ነበር፤ ይጣለኝ። እሱ ላፕቶፑን ዘጋና ወጣ። ተከተልሁት።

የብርጓል እንዳየችው ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"ልጅዎ ደኅና ናት" አላት። አንቺ አላላትም። "ዕድሜዋ የሚጠይቀውን ሁሉ ታውቃለች። የተሳሳትነው እኛ ነን።"

ዓይን ዓይኑን አየችው። "ታዲያ ላውራት?"

"ያውሯት" አለ።

እስከ ሆስፒታሉ በር ሸኘኋቸው። ትሁንን አዝላ ባጃጅ ስትጠብቅ ለአፍታ አላረፈችም። ያ መኪና ነው... ያች ርግብ ናት... ያ ማዶ የሚታይሽ ውኃ ጣና ነው... ልጅቱ ከጀርባዋ "ታና" ትላለች።

ካርዱ ታርሟል። ስድስት ቀን ሙሉ ከእናቷ አፍ አንድ ቃል ሳትሰማ የዋለችውን ግን የትኛው ቅጽ ላይ ነው የምጽፈው?